ለወንድሜ ሰርግ የምሰፋው ቀሚስ፦ ተቆርጦ ከተወሰወሰ በኋላ ንድፉን ልቀይር ነው

የጠባሴ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጥምቀት በኋላ ወንድሜ ያገባል። የምለብሰውን ቀሚስ ራሴ እየሰፋሁ ነው። ስፌት እንጀራዬ አይደለም፤ ግን ያደግኩት እናቴ የእግር መኪና አጠገብ ስለሆነ እጄ አይፈራም።

ጨርቁ ወይን ጠጅ ሳቲን ነው። 4 ሜትር ገዛሁ፤ ስፋቱ 150 ሳንቲ ሜትር ነው። የመረጥኩት ሞዴል እጅጌ የለውም፣ ከወገብ በታች ቀጥ ብሎ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል፣ ከኋላ ስንጥቅ አለው። መጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፍቼ ለካሁት። ልክክ አለ። ከዚያ ሳቲኑን ቆረጥኩና በእጅ ወሰወስኩት።

አሁን ግን ሀሳቤ እየተቀየረ ነው። አንደኛ፣ ሰርጉ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፤ መልሱ ደግሞ የሙሽሪት ቤተሰብ ያሉበት ሸዋ ሮቢት። የጥር ውርጭና የቆላ ሙቀት በአንድ ቀሚስ! ሁለተኛ፣ የተወሰወሰውን ለብሼ እስክስታ ልሞክር ስል እግሬ አልዘረጋ አለ። ቆሞ ፎቶ ለመነሳት ያምራል፤ ለወንድም ሰርግ ግን ቆሞ የሚውል ሰው የለም። ሦስተኛ፣ እናቴ ከሳጥን ጥለት አውጥታ ሰጠችኝ። ከድሮ የሐበሻ ቀሚሷ ነው። ጨርቁ ሳስቶ አልቋል፤ ጥለቱ ግን ዛሬም እንደ አዲስ ነው። ወርቃማ፣ ጥቁር አረንጓዴና ቀይ አለበት። ወይን ጠጁ ላይ ሳስቀምጠው ልቤን ሞላው።

ያለሁበትን ልንገራችሁ። የጉርዱ ክፍል ፊቱ አንድ ወጥ ነው፣ ኋላው ሁለት ቁራጭ። ደረቱ ተቆርጧል፣ ብብቱ ግን ገና አልተዘጋም። ገበር አልቆረጥኩም። ዚፕ አልገባም። ከጨርቁ 2 ሜትር ያህል ተርፎኛል። ወገቤ 76፣ ዳሌዬ 102፣ ከወገብ እስከ ታች 105 ነው። ምን ይቀየራል? ምንስ አይነካም?

ሰርገኛ ጤፍ፦

እኔ ብሆን ከወገብ በታች ያለውን ሙሉ በሙሉ እተወው ነበር። በተረፈው 2 ሜትር ግማሽ ክብ አድርገሽ እንደገና ቁረጪ። ሳቲን ሲዞር ነው የሚያምረው። ቀጥ ያለ ጉርድ ሳቲን ላይ ሆድንም ያሳያል፣ የውስጥ ልብስ ስፌትንም ያሳያል። የተቆረጠው ጨርቅ ለሌላ ነገር ይሆንሻል።

መርፌ አስራ አንድ፦

ሰርገኛ፣ ሀሳቡ ጥሩ ነው፤ ጨርቁ ግን አይበቃም። እንቁጠረው። ለግማሽ ክብ ወገብን ለ3.14 ታካፍያለሽ። 76 ለ3.14 ማለት 24 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህ የወገቡ ቅስት ነው። በዚያ ላይ ርዝመቱን 105 ደምሪ፣ 129 ይመጣል። ግማሽ ክቡ በአንድ በኩል 129፣ በሌላው በኩል 258 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል ማለት ነው። የ150 ስፋት ላይ 2 ሜትር ከ60 ያህል ጨርቅ ይበላል። እሷ ያላት 2 ሜትር ነው። እስከ ጉልበት ካደረገችው ይበቃል፤ 24 እና 60 ስትደምሪ 84 ነው፣ 168 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃዋል። ግን ያኔ ለሌላ ነገር የሚተርፈው ትንሽ ነው።

የጠባሴ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አጭር ቀሚስ ትፈልጊያለሽ?

የጠባሴ ልጅ፦

አልፈልግም። ረጅም እንዲሆን ነው የምፈልገው። የሙሽራው እህት ነኝ፣ ትሪ ይዤ እጎነበሳለሁ፣ የሽማግሌዎችን እግር እስማለሁ። ብርዱም አለ።

የሦስት ልጆች እናት፦

ልክ ነሽ የኔ ልጅ። ጎንበስ ቀና ስትይ ሀሳብሽ ቀሚሱ ላይ መሆን የለበትም።

እኔ የምለው ስለ ስንጥቁ ነው። ስንጥቅ ደረጃ ለመውጣት ይረዳል እንጂ ለእስክስታ አይሆንም። ስትወርጂ ስትነሺ ይከፈታል፤ ሳቲን ደግሞ ክሩ ቶሎ ስለሚላላ ከስንጥቁ ጫፍ መቀደዱ ይቀጥላል። ለምን ሽንሽን አታደርጊውም? የሸዋ ሴት በሽንሽን ቀሚስ ነው የኖረችው። ወገቡ ላይ በመቀነት ጥብቅ፣ ከታች ልቅ። እናቶቻችን ውሃ የቀዱበትም፣ የጨፈሩበትም እሱ ነው።

መርፌ አስራ አንድ፦

እትዬ፣ ሽንሽን እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን ጥቅጥቅ ያለ ሽንሽን የወገቡን ሦስት እጥፍ ጨርቅ ይፈልጋል። ለ76 ወገብ 228 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የሷ ጉርድ ተቆርጦ አልቋል። ከሁሉም በላይ ሳቲንን መሸንሸን ያስቸግራል። ጥጥ እጥፉ ሲያዝ ባለበት ይቆያል፤ ሳቲን ግን እየሰፋሽው ይንሸራተታል፣ ወገብም ላይ ያብጣል። ለሚቀጥለው ቀሚስ፣ በመነን ቢሆን ግን ግሩም ነበር።

የሸዋ ሮቢቱ ልብስ ሰፊ፦

ልጄ፣ እኔ በዚህ ሥራ ጸጉሬ ሸብቷል። የቆረጥሽውን አትጣይ። ከጉልበት አካባቢ ጀምረሽ ወደ ታች ስፌቶቹን ፍቺና ሦስት ማዕዘን ቁራጭ አስገቢ። ሁለቱ ጎን ላይ አንድ አንድ፣ ከኋላ ስንጥቁ የነበረበት ላይ አንድ። ከላይ እስከ ጉልበት የወደድሽው ቀጥ ያለ ቅርጽ ይቀራል። ከታች ይከፈታል። ስትቆሚ ይሰበሰባል፣ ስትንቀሳቀሽ ይበተናል።

ልኬቱ እንዲህ ይሁን። ቁመቱ 55፣ የታችኛው ስፋት 45። ግን ታችኛውን ጠርዝ ቀጥ አድርገሽ አትቁረጪው። ከላይኛው ሹል ጫፍ ሜትርሽን ይዘሽ ዙሪያውን 55 እየለካሽ ቅስት አድርጊው። ቀጥ ካደረግሽው መሀሉ አጥሮ ጎንና ጎኑ ይንጠለጠላል። ሦስቱ ሲደመሩ ለታችኛው ዙሪያ 135 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩልሻል። ሦስቱም በ150 ስፋት ላይ ጎን ለጎን ይገባሉ፤ የስፌት ትርፍ ጨምሮ 60 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ይበቃቸዋል። የቀረው 1 ሜትር ከ40 ለላይኛው ይሆንሻል።

ዋናው ችግር ሹሉ ጫፍ ነው። እዚያ ጋ ከላይ ወደ ታች ስፊ እንጂ ከታች ወደ ላይ አትምጪ። ጉልበቱ ላይ ስፌቱ የሚያበቃበትን ቦታ በሳሙና ቅራፊ ነጥብ አድርጊበት። ቁራጩን አንዱን ጎን ከነጥቡ ጀምረሽ ወደ ታች ትሰፊያለሽ፣ ክሩን አስረሽ ትቆርጫለሽ፤ ሁለተኛውንም እንደገና ከነጥቡ ትጀምሪያለሽ። አንድ ጊዜ ዞረሽ ልጨርስ ካልሽ ጫፉ ይጨማደዳል። ሳቲን ላይ ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ አይጠፋም፣ ፈትቶ መስፋት የለም።

የጠባሴ ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ይሄ ነው የፈለግኩት። ቅርጹን ሳልጥል መራመድ። ወሰወሳውን ዛሬ ማታ እፈታለሁ።

ጥለቱንስ ታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን ልስፋው? እናቴ ቀሚስ ላይ የነበረው እዚያ ነው።

የሸዋ ሮቢቱ ልብስ ሰፊ፦

እዚያ አይሆንም ልጄ። እናትሽ ቀሚስ ላይ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነበር። ሸማኔው ጥለቱን ከጨርቁ ጋር ነው የሸመነው። ያንቺ ጠርዝ አሁን ቅስት ሆኗል። ቀጥ ያለ ጥለት ቅስት ላይ ሲሰፋ የላይኛው ጠርዙ ይተርፋል፣ ይሸበሸባል። ልሳበው ብትይ ደግሞ ሳቲኑን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ክብደቱም አለ፤ ጥጥ ነው። ጥለት ቀጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል፦ የእጅጌ ጫፍ፣ ወገብ፣ ደረት ላይ ከላይ ወደ ታች።

ሰርገኛ ጤፍ፦

እኔ ግን ጥለቱ ሦስት ማዕዘኖቹ ውስጥ ቢገባስ? ማለት ቁራጮቹን ከሳቲን ሳይሆን ከነጭ መነን ብትቆርጫቸው፣ ጥለቱ ደግሞ መሀላቸው ላይ ቀጥ ብሎ ቢወርድ። ስትራመጂ ነጩ ብልጭ ይላል። እስክስታ ላይ ደግሞ አስቢው!

አንኮበር ቁልቁል፦

ኧረ ተይ። ወይን ጠጅ፣ ነጭ፣ ወርቃማ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ? ዓይን የት ይረፍ? ሙሽሪት ነጭ ለብሳ ነው የምትገባው። የባል እህት ነጭ ብልጭ ብልጭ ስትል ደስ አይልም። ጥለቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሌላውን ዝም ማሰኘት ነው የሚሻለው።

ሰርገኛ ጤፍ፦

የሐበሻ ቀሚስ የለበሰ እንግዳ ሁሉ ነጭ አይደል እንዴ የሚለብሰው? ማንም ሙሽሪትን ነጠቅሽ አይልም።

አንኮበር ቁልቁል፦

የሐበሻ ቀሚስ ከሆነ ሁሉም ስለለበሰው ማንም አይለይም። እዚህ ግን ከጨለማው ቀለም ውስጥ ነጭ ሲወጣ ነው ዓይን የሚስበው። የምለው ልዩነቱን ነው። ውሳኔው የባለቤቷ ነው፣ አትቀየሚኝ።

መንዜዋ፦

ከመሐል ሜዳ ነኝ። ስለ ቀለሙ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ላንሳ። መነኑም ጥለቱም ጥጥ ነው። ሳቲኑ ደግሞ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ፖሊስተር ነው። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ፖሊስተር አይሰበሰብም። ሁለቱን ሰፍተሽ ካጠብሽው ጥጡ ሳቲኑን ይስበዋል፣ ስፌቱ በሙሉ ይኮማተራል። ስለዚህ አዲስ ሽመና ከሆነ ሳይቆረጥ ውሃ ይንካው፣ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ ይተኮስ። የእናትሽ ጥለት ለዓመታት ስለታጠበ የሚሰበሰበውን ተሰብስቦ ጨርሷል። ከአዲሱ አሮጌው የሚሻለው ለዚህ ነው።

ቀዩ ክር ግን ይፈተን። ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ጥለቱ ላይ ጫኚው፣ ከላይ በካውያ ለጥቂት ጊዜ ተጫኚ። ነጩ ላይ ቀይ ካልተወ አትስጊ።

የጠባሴ ልጅ፦

ፈተንኩት፤ ቀለም አልለቀቀም። እናቴም "ስንት ጊዜ አጥቤው!" አለችኝ።

በነጩ ጉዳይ የሁለታችሁንም አነበብኩ። ሰርገኛ፣ የሳልሽው ነገር በዓይኔ ይታየኛል፣ ውብ ነው። ግን አንኮበር ያለችው ሚዛን ደፋ። ጥለቱ ብቻውን እንዲታይ እፈልጋለሁ። እናቴ ለዓመት በዓል የምትለብሰው ቀሚስ ላይ የነበረ ነው። ሰው ሲያየው "ይሄ የእናትሽ አይደል?" እንዲለኝ ነው የምፈልገው። ስለዚህ ሦስት ማዕዘኖቹ ከዚያው ከሳቲኑ ይሆናሉ።

አሁን የቀረኝ እጅጌው ነው። በቀረው 1 ሜትር ከ40 እጅጌ ልጨምርበት ወይስ ሌላ ነገር?

ዩኒቨርሲቲ ሰፈር፦

እህቴ እጅጌ ጨምሪ። እኔ እዚህ ለትምህርት ስመጣ ጥቅምት ላይ ነበር፣ ከቆላ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የማያውቅ ሰው ነው እጅጌ የሌለው የሚለብሰው። ማታ ድንኳን ውስጥ እንዴት ሊሆን ነው?

መርፌ አስራ አንድ፦

ብርዱስ እውነት ነው፤ ከተማው 2,800 ሜትር ላይ ነው የተቀመጠው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር አይሞላም። በአንድ መንገድ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ጣርማ በርን አልፈሽ ደብረ ሲናን ስትወርጂ ጃኬት ማውለቅ ትጀምሪያለሽ። የሰርጉ ቀን የሚያድንሽ እጅጌ በመልሱ ቀን ላብ ያደርግሻል።

ከዚያ ሌላ የስፌት ምክንያትም አለ። እጅጌ ለሌለው ልብስ ብብቱ ከፍ ብሎ ነው የሚቆረጠው፣ ብብት እንዳይታይ። እጅጌ የሚገባበት ብብት ደግሞ ዝቅ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ብብትሽ ስር ይጨምቅሻል። ያንቺ የተቆረጠው ለእጅጌ የለሽ ነው። ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ጨርቅ መቀነስ ነውና። ግን አንዴ ዝቅ ካለ ወደ እጅጌ የለሽ መመለስ የለም። እኔ መሀል ላይ ንድፍ ስቀይር ሁልጊዜ የማየው ይህን ነው፤ የማይመለሰውን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ። ስፌት ይፈታል፣ መቀስ አይፈታም።

ስለዚህ የኔ ሀሳብ አጭር ጃኬት ነው። ወገብ ላይ የሚያልቅ፣ ሙሉ እጅጌ ያለው፣ ከዚያው ሳቲን። ደብረ ብርሃን ትለብሽዋለሽ፣ ሸዋ ሮቢት ታወልቂዋለሽ። ጥለቱም ቦታ አገኘ፤ የእጅጌው ጫፍ ቀጥ ያለ ነው፣ ወገብሽ ላይም እንደ መቀነት ትታጠቂዋለሽ። ጃኬቱ ቢወልቅም መቀነቱ ይቀራል። የቀሚሱን ብብት ሳትነኪ!

የሦስት ልጆች እናት፦

ይሄ ልቤን አረካው። መቀነቱ የወገቡን ስፌትም ይሸፍናል።

የሸዋ ሮቢቱ ልብስ ሰፊ፦

እስማማለሁ። ጃኬቱን ስትቆርጪ የቀሚሱን ደረት ቁራጭ እንደ መነሻ ተጠቀሚ፤ ግን ከላይ የሚደረብ ነውና ደረቱ ዙሪያ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ጨምሪ። ብብቱን ከቀሚሱ ብብት 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጊው። እጅጌው ደግሞ እጅሽን አጥፈሽ ይለካ እንጂ ዘርግተሽ አይደለም፤ ክንድ ሲታጠፍ እጅጌ ያጥራል።

ሰማሽ ልጄ፣ ጃኬቱን ሳቲን ከመቁረጥሽ በፊት እንደገና በአቡጀዲ አድርጊው። ቀሚሱን ከስር ለብሰሽ ለኪው። ለቀሚሱ ያደረግሽውን ጃኬቱም ይፈልጋል።

መንዜዋ፦

የጃኬቱን ገበር ሞቃት አድርጊው። የኛን የመንዝ በግ ሱፍ አልልሽም፤ ሴቶቻችን ፈትለው ወንዶቻችን ሸምነው የሚያወጡት ባና የሚባለው ብርድ ልብስና በርኖስ የሚባለው ካባ ለመንገድ እንጂ ለሳቲን ስር አይሆንም፣ ይኮሰኩሳል። ለስላሳ ሞቃት ጥጥ ጨርቅ ፈልጊ። ለጣርማ በር ነፋስ ግን ጋቢሽን መኪና ውስጥ ያዢ።

መርፌ አስራ አንድ፦

የቀሚሱም ገበር ጥጥ ይሁን። በጥር አየሩ ደረቅ ነው። ሳቲን ከፖሊስተር ገበር ጋር ሲፋተግ እግርሽ ላይ ይለጠፋል፣ ስትራመጂም ይጠመጠማል። ጥጥ ይህን ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢትም ላብ ይመጥጥልሻል። ገበሩን ከቀሚሱ በ3 ሳንቲ ሜትር አሳጥሪው፤ ሦስት ማዕዘን አይገባበት፣ ከጉልበት በታች ሁለቱን ጎን ሳትሰፊ ተዪው፣ እግርሽ ይዘረጋል።

አንኮበር ቁልቁል፦

ጥለቱ ለሁለት እጅጌና ለመቀነት ይበቃል? ካልበቃ ከኛ በታች አልዩ አምባ አካባቢ አርጎባዎች አሉ፣ ሽመና የአባት ሙያቸው ነው። ድሮ አልዩ አምባ ትልቅ የነጋዴ ገበያ ነበር። ቀለሙን አሳይተሽ የሚመሳሰል ማሸመን ይቻላል።

የጠባሴ ልጅ፦

ለካሁት። ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ርዝመቱ 3 ሜትር አይሞላም። ለእጅጌ ጫፍ ሁለት 26 ሳንቲ ሜትር፣ ለመቀነቱ ደግሞ ወገብ ዞሮ ከፊት ታስሮ የሚንጠለጠል። በደንብ ይበቃል። አልዩ አምባን ግን ለራሴ ሌላ ጊዜ እይዘዋለሁ፣ ስላነሳሽው አመሰግናለሁ።

ጥለቱ የተቆረጠበት ጠርዝ ክሩ ይላላል። እንዴት ልያዘው?

የሦስት ልጆች እናት፦

ከመቁረጥሽ በፊት በመኪና ሁለት መስመር ስፊበት፣ ከዚያ በመስመሮቹ መሀል ቁረጪ። የቆረጥሽውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፊና በእጅ ያዢው። ሽመናን መቀስ ቀድሞ ሲነካው ነው የሚተረተረው።

መርፌ አስራ አንድ፦

ስሜን አይተሽ እንደገመትሽው ስለ መርፌም ልናገር። ለሳቲኑ ቁጥር 11 አዲስ መርፌ አስገቢ። ያገለገለ መርፌ ጫፉ ይደንዛል፣ ክር ይስባል፣ ሳቲን ላይ ረጅም መስመር ይተዋል። ጥለቱን ስትሰፊ ወደ 14 ቀይሪ። ስፒልም የምትሰኪው የስፌት ትርፉ ውስጥ ብቻ ይሁን።

ሳቲን ስትቆርጪ ከስር ወረቀት አንጥፊ። ከወረቀቱ ጋር አብረሽ ቁረጪ፣ አይንሸራተትም። ሁሉም ቁራጭ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ። ሦስት ማዕዘኖቹን ጨርቅ ለመቆጠብ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች ካደረግሻቸው ብርሃን ላይ ሁለት ዓይነት ወይን ጠጅ ይሆናሉ።

የጠባሴ ልጅ፦

እንደምን ከረማችሁ። ሦስት ማዕዘኖቹ ገብተዋል! ጋሼ፣ እንዳሉት ከነጥቡ ወደ ታች ሰፋሁ። ጫፎቹ አንዳቸውም አልተጨማደዱም። ለብሼ ቤት ውስጥ እስክስታ ወረድኩ፤ እናቴ ከመደብ ተነስታ አብራኝ ወረደች። ጉርዱ እግሬን አይይዘውም፤ ስቆም ደግሞ ተመልሶ ይሰበሰባል።

ስፌቱ ውስጥ ያለው ጠርዝ እየላላ ነው። ኦቨርሎክ፣ ማለት የጨርቅ ጠርዝ የሚይዝ መኪና፣ የለኝም። ምን ላድርግ?

የሸዋ ሮቢቱ ልብስ ሰፊ፦

ጎበዝ! ጠርዙን ከገበሩ በተቆረጠ ስትራፖ፣ ማለት ቀጭንና ረጅም የጨርቅ ቁራጭ፣ ልታለብሽው ትችያለሽ። ስትራፖው በሰያፍ ይቆረጥ፣ ቅስቱን ይከተላል። ጃኬቱ ላይ ግን ከመጀመሪያው እንዲህ ስፊ፦ ሁለቱን ጨርቅ ውጪያቸውን ወደ ውጭ አድርገሽ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ላይ ሰፍተሽ፣ ትርፉን አሳጥረሽ፣ ገልብጠሽ እንደገና 1 ሳንቲ ሜትር ላይ ትሰፊያለሽ። ጥሬው ጠርዝ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

የታችኛውን ጠርዝ ግን እንዳትነኪው። ሦስት ማዕዘኑ ጎን በሰያፍ ስለሚወርድ በራሱ ክብደት ይረዝማል። ማንጠልጠያ ላይ ስቀይው፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይደር። ከዚያ የሰርግ ጫማሽን አድርገሽ ቁሚ፣ ሌላ ሰው ከወለል ጀምሮ ዙሪያውን ይለካልሽ። ራስሽ ጎንበስ ብለሽ አትለኪ፤ ስትጎነበሽ ከኋላ ይነሳል።

ሰርገኛ ጤፍ፦

በጣም ደስ አለኝ። ነጩ ባይገባም አሁን ሳስበው ወይን ጠጁ ብቻውን ሲዘረጋ ነው የሚያምረው። ዚፑስ?

የጠባሴ ልጅ፦

ዚፑ ከኋላ ይገባል፣ ከአንገት ወርዶ ዳሌ ላይ ያልቃል። ጎኖቹን ከወገብ በላይ እስካሁን በውስወሳ ነው የያዝኳቸው፤ ዚፑ ገብቶ እንደገና ከለካሁ በኋላ ነው በመኪና የምዘጋቸው። አሁን የገና ጾም ላይ ነን፣ ሰርጉ ሲደርስ ወገቤ ትንሽ ይሰፋ ይሆናል። ስለዚህ ጎንና ጎኑ ላይ 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር ትርፍ ትቻለሁ፣ አልቆርጠውም።

ዩኒቨርሲቲ ሰፈር፦

እኔም ከናንተ ብዙ ተማርኩ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እኔ የምሰፋው ለምርቃት ነው፣ ሰኔ ላይ። ጃኬቱን ከፊት በምን ትዘጊዋለሽ?

የጠባሴ ልጅ፦

ከላይ አንገቱ ስር አንድ ጠቅ የሚል ቁልፍ ብቻ። ከዚያ በታች ክፍት ሆኖ መቀነቱ ይታያል። ጃኬቱ የሚያልቀው ከመቀነቱ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። በአቡጀዲ ስሞክረው መቀነቱ ላይ ሲያርፍ ጥለቱን ይሸፍነው ነበር፣ ስለዚህ አሳጠርኩት።

መንዜዋ፦

ሸዋ ሮቢት ስትሄዱ ቀሚሱን አጥፈሽ አታሽጊው። ሳቲን ላይ የእጥፋት መስመር ቶሎ አይለቅም። ንጹሕ ነጠላ ዘርግተሽ ከነነጠላው ጠቅልይው፣ ከላይ ምንም አይጫንበት። እዚያ ስትደርሱ ካስፈለገ በተቃራኒው በኩል፣ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ጨርቅ ከላይ አድርገሽ ተኩሺው። ውሃ አትርጪበት፣ የውሃ ጠብታ ምልክት ይተዋል።

የሸዋ ሮቢቱ ልብስ ሰፊ፦

ለመልሱ ስትመጡ ካውያም መኪናም እኔ ጋ አለ። የሚላላ ስፌት ካለ ጎራ በይ።

የጠባሴ ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ፣ እመጣለሁ። ቀሚሱ አሁን ማንጠልጠያ ላይ ነው። ነገ ማታ እናቴ ታችኛውን ጠርዝ ትለካልኛለች፣ ከዚያ ጃኬቱን ሳቲን ላይ እቆርጣለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሰፈር፣ የጃኬቱን ቁርጥ በጋዜጣ ላይ ገልብጬ አስቀምጥልሻለሁ። ደረትሽን፣ የትከሻሽን ስፋትና እጅሽን አጥፈሽ የእጅጌሽን ርዝመት ለክተሽ ላኪልኝ።